ክኒኑ ተውጧል ወይ?

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና መካከል፣ የታክሲ ረዳቶች «ዘነበ ወርቅ» እያሉ የሚጠሩት ሠፈር አለ። ስሙን የወሰደው በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልዕልት ዘነበ ወርቅ ነው። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከተማዋ ገና ወደዚያ ሳትደርስ፣ ሚስዮናዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል በልዕልቷ ስም እንዲቋቋም አደረጉ። ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻ የመጡ ሕሙማን በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ወደ አገራቸው መመለስ ያልሆነላቸው እዚያው ወልደው ከበዱ። ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ የምንለው ክፍለ ከተማ በአንድ ጎኑ የእነሱ ሠፈር ነው።

ያኔ ሐኪም ሕመምተኛውን «መድኃኒትህን ወስደሃል?» ብሎ የሚጠይቅበት ነገር አልነበረም። የሚወሰድ መቼ ኖሮ! ለሥጋ ደዌ የነበረው ቻውልሙግራ የሚባል የዛፍ ፍሬ ዘይት ነው፤ በመርፌ ይሰጣል፣ ያማል፣ ብዙም አያድንም።

ወደ መርካቶ መለስ ሲሉ ደግሞ በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የመላው አገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። እዚያም ቢሆን የሚዋጥ አልነበረም። የነበረው ቁልፍ፣ ግድግዳና ጠባቂ ነው። ቤተሰብ አቅሙ እስከቻለ ጠበል ለጠበል ይንከራተታል፤ ሲያቅተው ልጁን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ያስራል፤ ካልሆነም አማኑኤል በር ላይ ያደርሰዋል። የሥጋ ደዌና የአእምሮ ሕመም ሁለቱም ሰውን ከሰው የሚለዩ በሽታዎች ነበሩና የከተማዋ ምዕራብ ሁለቱንም ተቀበለ።

የሚዋጥ መድኃኒት ያገኙትም በአንድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ካርቪል በተባለ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ ፕሮሚን የሚባል የሰልፎን ዘር መድኃኒት ተሞከረ። ብዙ ሳይቆይ የዚያው ዘር የሆነው ዳፕሶን በርካሽ ክኒን ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ፣ ሴንት አን ሆስፒታል፣ ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒከር ክሎርፕሮማዚንን ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡ። ለዓመታት ሲጮሁ የኖሩ ሰዎች ረግተው መነጋገር ጀመሩ። ላርጋክቲል በሚል የንግድ ስሙ ብዙ ኢትዮጵያዊ አስታማሚ የሚያውቀው ይሄው መድኃኒት ነው። በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለቱም ሕሙማን ቤታቸው ይዘውት የሚገቡት ክኒን አገኙ። የሐኪሞቹ ጭንቀትም አብሮ ተወለደ፦ ሰውዬው ካርዱን ይዞ ከበሩ ከወጣ በኋላ ክኒኑ ተውጧል ወይ?

ይህን ለማወቅ መሣሪያ የሠራ የመጀመሪያው ሰው የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ ሐኪም ነበር። ቶማስ ሞልዲንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ሲያነቡት ያስደንቃል። ክኒኖቹ በተደረደሩበት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገርና የፎቶግራፍ ፊልም ይቀመጣል። ክኒን በወጣ ቁጥር ጨረሩ የሚያርፍበት የፊልሙ ቦታ ይለወጣል። ፊልሙ ሲታጠብ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው ነጥቦቹ እኩል እኩል ይሆናሉ፣ ያቋረጠ ሰው አንዱ ነጥብ ጠቁሮ ሌላው ይሳሳል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዚህ ሐሳብ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ጉድለቱንም ይጋራሉ። ፊልሙ ክኒኑ ከዕቃው መውጣቱን ይናገራል እንጂ ወደ ማን አፍ እንደገባ አያውቅም።

ዘነበ ወርቅ ላይ ግን ጉዳዩ ከሐሳብ አልፎ የዕለት ሥራ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. በአሮጌው ሆስፒታል ግቢ አለርት ተመሠረተ። የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ከአህጉሩ ሐኪምና ነርስ እየመጣ ይሠለጥንበት ጀመር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው ግቢ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ስሙ የሥጋ ደዌን ተህዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ላገኘው ለኖርዌያዊው ሐኪም መታሰቢያ ነው።

አለርት የሚያክማቸው ሰዎች ዳፕሶንን ለዓመታት፣ ብርቱው ዓይነት የያዛቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን መዋጥ ነበረባቸው። ዕድሜ ልክ ማለት ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ እጅ እግሩ አልታመመም፣ ገበሬው እርሻው ላይ ነው፤ ክኒኑን ለመውሰድ ግን በየወሩ የአንድ ቀን መንገድ መሄድ አለበት፣ ሠፈሩም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ብዙዎች አቋረጡ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአለርት ሐኪሞች ዳፕሶን የማይበግረው ተህዋሲ እየበዛ መምጣቱን አዩ። መድኃኒቱን አቆራርጦ የወሰደ ሰው ደግሞ የተላመደውን ተህዋሲ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። አዲስ አበባ በዚያ ዘመን ስለ ዳፕሶን መላመድ በዓለም ላይ አብዝተው ከመረመሩ ቦታዎች አንዷ ነበረች።

ስለዚህ ሽንት ይመረመር ጀመር። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ደግ ነው፣ ብዙ ነገር ያስተምራል። ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን ሲመጣ ሽንት እንዲሰጥ ይጠየቃል። በሽንቱ ውስጥ ያለው የዳፕሶን መጠን ይለካል። ውኃ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሽንቱ ስለሚቀጥን ግን ልኬቱ ብቻውን ያሳስታል፤ ስለዚህ ሰውነት በየቀኑ እኩል ከሚያስወጣው ክሬአቲኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም ነርስ እያየቻቸው የዋጡ ሰዎች ውጤት አጠገብ ይቀመጣል። ዳፕሶን ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ ስለሆነ ሽንቱ ያለፉትን ጥቂት ቀናት ይመሰክራል። ከዚያ ያለፈውን አያይም። ቀጠሮው ሲቃረብ ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ውጦ ለሚመጣ ሰው ምርመራው ሊታለል ይችላል ማለት ነው። ያም ሆኖ ኤላርድ፣ ፒርሰንና ኃይሌ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት ለሕሙማኑ በእጃቸው የተሰጠው ዳፕሶን በታዘዘው መጠን እንደማይዋጥ በቁጥር አሳየ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ቁጥጥሩን ማጥበቅ ነው፤ ሽንት በየሳምንቱ፣ ድንገተኛ የቤት ፍተሻ፣ ተግሣጽ። ሁለተኛው ሕክምናውን መለወጥ ነው፤ ዓለምም የመረጠው ይህንን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 የሦስት መድኃኒቶችን ጥምር ሕክምና አወጀ፤ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን። አለርት በጥር 1975 ዓ.ም. ጀመረው። ዋናው መድኃኒት ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጤና ሠራተኛው እያየ የሚዋጥ ሆነ። የቀረው ቤት ይሄዳል። የሕክምናው ዕድሜም ከዕድሜ ልክ ወደ ወራትና ጥቂት ዓመታት አጠረ። የዘነበ ወርቅ ሕሙማን ሕክምናቸውን ጨርሰው «የዳነ» ሊባሉ የቻሉት ያኔ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ውሳኔ ነው፤ ሰው ክኒኑን ለምን ተወው የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ሸክሙ ሲቀልለት ነውና።

የአእምሮ ሕክምና ይህን ዕድል በከፊል ብቻ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጡንቻ ተወግቶ ለሳምንታት የሚቆይ መርፌ በዓለም ገበያ ላይ ወጣ። ሕሙማንና ቤተሰብ «ሞዲኬት» ወይም በአጭሩ «የወር መርፌ» የሚሉት ፍሉፌናዚን ነው። ለብዙ ቤት ትልቅ እፎይታ ነበር። እናት በየማታው ልጇን «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሣ» እያለች ከምትጣላው በወር አንድ ቀን ይዛው ትሄዳለች። ይሁንና መርፌውም ይጠፋል፣ አንገት ያደርቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ለእሱ ደግሞ ሌላ ክኒን ይታዘዛል። ያ ክኒን ሳይገኝ ሲቀር ሕመምተኛው መርፌውን ይሸሻል።

መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሐኪሙ ራሱ ጠፍቶ ነበር። በ1979 ዓ.ም. አካባቢ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በየክልሉ ሆስፒታል ተበትነው አገሪቱን ለዓመታት የተሸከሙት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። 11 ሰው ስንት ክኒን ተውጧል ብሎ ይቆጥራል?

በእነዚሁ ዓመታት ሌሎች በሽታዎች ክትትልን እያጠበቁ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ የተጀመረው ዶትስ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በየቀኑ ጤና ጣቢያ መጥቶ ነርሷ እያየችው እንዲውጥ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የተረፈውን ክኒን መቁጠር በየክሊኒኩ ልማድ ሆነ። በውጭው ዓለም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክዳኑ ውስጥ ቺፕ ያለው የክኒን ጠርሙስ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግብ ነበር። አእምሮ ሕክምና ጋ ግን እኛ ዘንድ የነበረው መለኪያ ጥያቄ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ዘለልህ?» በጂማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተመላላሽ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ100ው 41 ያህሉ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደማይወስዱ አገኘ። በራሳቸው አንደበት የተናገሩት ነው እንግዲህ፤ እውነቱ ከዚህም ሊብስ ይችላል።

ለምን? ለሚለው መልሱ የመጣው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከቡታጅራ ነው። በ1990 ዓ.ም. ግድም ዶክተር ደረጀ ከበደ፣ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎቹ መዝግበው አልሄዱም፤ መድኃኒት እየሰጡ ለዓመታት ተከታተሏቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው 307 ሰዎች 38ቱ ሞቱ። በአብዛኛው ገና ጎልማሳ ሳሉ ነው።

ከዚያ ክትትል ውስጥ ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ከተመራማሪዋ ከሻርሎት ሐንሎንና ከሌሎች ጋር ሕሙማኑን፣ አስታማሚዎቹንና ጤና ሠራተኞቹን አስቀምጠው መድኃኒት ስለማቋረጥ ጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ከመልሶቹ ብዙዎቹ በሌላ አገርም የሚሰሙ ናቸው፤ «ተሽሎኛል»፣ «አልታመምኩም»፣ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል»፣ «ሰው ያወራብኛል» የሚል መንፈስ ያላቸው። አንዱ ግን በሀብታም አገር መጻሕፍት ላይ ብዙም አይገኝም። መድኃኒቱ ያስርባል። ክኒኑን የዋጠ ሰው ሆዱ አይሞላለትም፤ እንጀራው ደግሞ ለሌላውም አይበቃም። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ የሚበላው ሰው ከሁሉ ያነሰ የሚሠራው ሲሆን ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። ስለዚህ ሕመምተኛው ከረሃብና ከሕመሙ አንዱን ይመርጣል፤ ክኒኑንም ይተዋል።

በሶዶ ወረዳ ከዓመታት በኋላ ከበደ ጥርፈሳና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አጠናከረው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለባቸው ቤተሰቦች ከ100ው ወደ 32ቱ በብርቱ የምግብ እጥረት ውስጥ ነበሩ፤ በሌሎቹ ጎረቤቶች ዘንድ ቁጥሩ 16 ገደማ ነው። ኮልፌ ውስጥ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ ቀን ሥራ ውላ በምትገባ እናት እጅ የሚኖር ወጣት ዘንድ ነገሩ ይለያል ብዬ አላስብም። ከተማ ውስጥ እንዲያውም ጎመን የሚቀጠፍበት ጓሮ የለም።

ቡታጅራ ይህን ስትናገር ሌላው ዓለም ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሮጠ ነበር። በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ፕሮቲየስ የተባለ ኩባንያ የሞልዲንግን የድሮ ጉድለት የሚዘጋ ነገር ሠራ። ክኒኑ ራሱ መናገር ጀመረ። በክኒኑ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል መመርመሪያ ትገባለች፤ ሲሊከን፣ መዳብና ማግኒዥየም አለባት። ባትሪ የላትም። ጨጓራ ውስጥ ስትደርስ መዳቡና ማግኒዥየሙ በጨጓራው አሲድ አማካይነት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ እሱ ለጥቂት ደቂቃ ምልክት ይልካል። ምልክቱን የሚቀበለው በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ጠርዝ ከፍ ብሎ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል፣ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት፣ ሕመምተኛው ከፈቀደም ኢንተርኔቱ ወደ ሐኪሙና ወደ ቤተሰቡ። ከመዋጥ እስከ መመዝገብ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መመርመሪያዋ ሥራዋን ስትጨርስ በሆድ ታልፋ ትወጣለች።

መጀመሪያ በስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ሕሙማን ላይ የሞከሩት በ28 ሰዎች፣ ለ4 ሳምንት ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ማመልከቻውን ሳያጸድቅ ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ፤ ኅዳር 13 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ግን አጸደቀው። ስሙ አቢሊፋይ ማይሳይት ሆነ፤ የጃፓኑ ኦትሱካ ኩባንያ አሪፒፕራዞል ከፕሮቲየስ መመርመሪያ ጋር ማለት ነው። በአሜሪካ የጸደቀው የመጀመሪያው ዲጂታል ክኒን ለአእምሮ ሕሙማን ሆነ፤ ለልብ ወይም ለስኳር አልሆነም። አስተዳደሩ ሲያጸድቀው ሰዎች መድኃኒታቸውን በተሻለ እንዲወስዱ ማድረጉ አለመረጋገጡን በግልጽ አስቀምጧል። ወዲያው ከሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተቃውሞ መጣ። የዚህ ሕመም አንዱ መልክ «ሰውነቴ ውስጥ መሣሪያ ቀብረውብኛል፣ ይከታተሉኛል» ማለት ነው። ይህን ለሚያምን ሰው የሚከታተል መሣሪያ አስውጦ «ሕመምህ ነው እንጂ ማንም አይከታተልህም» ማለት እንዴት ይቻላል? የእኔም ልብ ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ሰው በሐኪሙ ላይ ያለው እምነት አንዴ ከተሰበረ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ አይጠግነውም።

ገበያውም አልተቀበለው። የወር ዋጋው ከ1,600 ዶላር በላይ ነበር። በአንድ ወቅት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው ፕሮቲየስ ሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) ኪሳራ አወጀ፤ ንብረቱን ኦትሱካ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

በዚያው ሰኔ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሌላ መሣሪያ ሥራ ጀመረ። ኮሮና ለቲቢ (ለሳንባ ነቀርሳ) ሕሙማን በየቀኑ ጤና ጣቢያ መምጣትን አስቸጋሪ ባደረገበት ወቅት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የመድኃኒት ምርምር ማዕከል ኤቭሪሜድ የሚባል የክኒን ሳጥን አመጣ። ሳጥኑን የሚሠራው የደቡብ አፍሪካው ዋይዝፒል ነው። የ15 ቀን መድኃኒት ይይዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮሃል፣ አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ቢጫ፣ ባትሪው ሲደክም ቀይ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይመዘግባል። ሕመምተኛው በ15 ቀኑ ሲመለስ ነርሷ መዝገቡን አብራው ታያለች። በዶክተር ፀጋሁን ማንያዘዋል የተመራው ይህ ሙከራ በ10 የጤና ተቋማት 114 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ የ109ኙ ውጤት ተተነተነ። ሳጥን ይዘው ቤታቸው የዋጡትና በየቀኑ ነርስ ፊት እንዲውጡ የተመደቡት ሁለቱም 99 በመቶ አካባቢ ወሰዱ። ሳጥኑ አልበለጠም፣ ግን አላነሰም፤ ሰውየው ግን በየቀኑ ታክሲ ከመሳፈርና ከሥራ ከመቅረት ዳነ። የአለርት የ1975ቱ ውሳኔ በሌላ መልክ የተመለሰ ይመስላል።

ተከትሎ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በ78 የጤና ተቋማት የተካሄደው ሰፊ ሙከራ የበለጠ ጥንቃቄ ያስተምራል። እዚያ አንዱ ወገን ሳጥን ተሰጠው፣ አንዱ በማሸጊያው ላይ ያለውን ኮድ በአጭር መልእክት እንዲልክ ተደረገ፣ አንዱ በተለመደው ቀጠለ። የሕክምናው የመጨረሻ ውጤት ላይ መሣሪያዎቹ ከተለመደው አሠራር የሚለይ ለውጥ አላመጡም። ይህ መሸነፍ አይደለም። የቲቢ ክትትላችን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በነርሶች እግር ላይ የቆመ ጠንካራ ነገር ስለሆነ ሳጥኑ የሚጨምርለት ጥቂት የነበረ ይመስለኛል። የአእምሮ ሕክምናው ግን እንዲህ ያለ እግር የለውም።

ሲዲቲ አፍሪካን የመሩት ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ ራሳቸው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው፤ በሳጥኑ ጥናትም ስማቸው አለ። ዕድሜያቸውን የሰጡት በቡታጅራና በሶዶ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በጤና ጣቢያ ማከም ይቻላል ለሚለው ሥራ ነው። እሳቸውን በመሰለ ሰው በኩል ሳጥኑ ነገ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ቢዞር አይገርምም። ቢመጣ እኔ አልቃወምም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚጮኸው ሳጥን ጎረቤት ያልሰማውን ሕመም እንዳያሰማ ድምፁ ይዘጋ። መዝገቡን ማን እንደሚያይ ሕመምተኛው ራሱ ይወስን፤ ፖሊስ፣ አሠሪና አከራይ አይዩት። ሳጥኑ ለሦስት ቀን ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ የሚደወለው ስልክ «ለምን አልወሰድክም?» ብሎ አይጀምር።

ሕክምናው ያለ ሳጥንም ወደ ሰው መቅረብ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2022 ታየ። ሐንሎን፣ አበባውና ባልደረቦቻቸው በገጠር 329 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው ከፊሉ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ ከፊሉ ሆስፒታል ባለ የአእምሮ ሕክምና ነርስ እንዲታከሙ አደረጉ። የጤና ጣቢያዎቹ ውጤት ከሆስፒታሉ አላነሰም። እዚያ ቀጠሮ የቀረ ሰው ሲኖር መሣሪያ አይናገርም፤ ካርዱ ከካርድ ማስቀመጫው ሳይነሣ ይቀራል፣ ነርሷ ስሙን ታወጣለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች። ኮልፌ ላይም የቤተሰብ ማኅደር ይዘው በየግቢው የሚዞሩ ሴቶች አሉ። የወሊድ፣ የክትባት፣ የቲቢ መዝገብ ይዘዋል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቤትም በሩን አንኳኩተው ምን እንደበላ፣ መድኃኒቱ ምን እንዳደረገው፣ ለቀጠሮው የትራንስፖርት ይኑረው አይኑረው የሚጠይቁበት ዓምድ በዚያው መዝገብ ላይ ሊጨመር ይችላል።